«ያንኪ ዱድል ዳንዲ»ን በቤተ መጻሕፍት ማሳየት፦ ከፈቃዱ እስከ ፈንድሻው

የአሜሪካ የነፃነት በዓል ሲቃረብ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከሚያሳዩአቸው የቆዩ ፊልሞች አንዱ በ1942 እ.ኤ.አ. የወጣው «ያንኪ ዱድል ዳንዲ» ነው። ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት፣ ስለ ባንዲራና ስለ አገር ፍቅር በግልጽ የሚናገር፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም። በዋሽንግተን ዙሪያ ባለ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይህን ዝግጅት ከአንድ ጊዜ በላይ አዘጋጅቻለሁ። ከታዳሚዎቹ ብዙዎቹ የእኛው እናቶችና አባቶች ነበሩ፤ ገሚሶቹ ለዜግነት ፈተና እየተዘጋጁ ያሉ፣ ገሚሶቹ ልጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ቤት ተቀምጠው የሚሰለቹ። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ምንም ሳይገባው ቢሄድ ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው አንድ እናት ፊልሙን ተረድተው፣ ተደስተው፣ የሚሉትንም ብለው እንዲሄዱ የሚደረገውን ዝግጅት ነው።

1. መጀመሪያ ፈቃዱ

ከሁሉ በፊት ይህ ይቅደም። ፍላየር አትሥሩ፣ ለማንም አትንገሩ፣ ፈቃዱን ያዙ።

በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንድን ፊልም ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቦታ፣ ወይም ከቤተሰብና ከቅርብ ወዳጅ ውጭ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ማሳየት «ለሕዝብ ማሳየት» ይባላል፤ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። መግቢያው ነፃ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም። ዲቪዲው በገንዘባችሁ የተገዛ መሆኑም አይለውጠውም፤ ዲስኩ የእናንተ ነው፣ ለሕዝብ የማሳየት መብቱ ግን አብሮ አልተሸጠላችሁም። በቤት የምትከፍሉበት የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎትም ለግል መመልከቻ ብቻ የተሰጠ ነው። ሕጉ ለመምህራን በክፍል ውስጥ፣ ከትምህርቱ ጋር በተያያዘ ለሚያሳዩት ፊልም የተወው ቀዳዳ አለ፤ ለቤተ መጻሕፍት የቅዳሜ ፕሮግራም ግን አይሠራም።

«ፊልሙ እኮ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል» የሚል አይጠፋም። የ1942 ፊልም የመብት ዘመኑ 95 ዓመት ስለሆነ በአሜሪካ ለሕዝብ ነፃ የሚሆነው ጃንዋሪ 1 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ መብቱ ባለቤት አለው። ያለ ፈቃድ ማሳየት ፍርድ ቤት ቢያደርስ ሕጉ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር ካሣ ያስቀምጣል፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ እስከ 150,000 ሊደርስ ይችላል።

ደግነቱ ነገሩ አስቸጋሪ አይደለም። ብዙ ቤተ መጻሕፍት እንደ ስዋንክ ሞሽን ፒክቸርስ ወይም ሞሽን ፒክቸር ላይሰንሲንግ ኮርፖሬሽን ካሉ ድርጅቶች ዓመታዊ ፈቃድ ይገዛሉ። የፕሮግራም ኃላፊውን አግኝታችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዓመታዊ ፈቃድ አለን ወይ? ያ ፈቃድ የዋርነር ብራዘርስን ፊልሞች፣ በተለይም ይህን ፊልም ይሸፍናል ወይ? የፊልሙን ስም ከቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውጭ በማስታወቂያ መጻፍ ይፈቀዳል ወይ? ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንዳንድ ዓመታዊ ፈቃዶች በሕንፃው ውስጥና ለአባላት ካልሆነ በስተቀር የፊልሙን ስም በአደባባይ መጥራትን ይከለክላሉ። እንደዚያ ከሆነ ውጭ በሚለጠፈው ወረቀት ላይ «የቆየ የአሜሪካ ሙዚቃዊ ፊልም» ብላችሁ ስሙን በውስጥ ማስታወቂያ ታስታውቃላችሁ።

ደግሞም ፈቃዱ ለሕንፃው የተሰጠ እንደሆነ እወቁ። ቤተ መጻሕፍቱ ፈቃድ ስላለው ያንኑ ዲስክ ወስዶ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በማኅበር ጽሕፈት ቤት ማሳየት አይቻልም። እዚያ ማሳየት ከተፈለገ ለቦታው የተለየ ፈቃድ ይጠየቃል።

2. ቀኑና ሰዓቱ

ጁላይ 4 ቤተ መጻሕፍት ዝግ ነው፤ ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ያለው ቅዳሜ ይሻላል። የፊልሙ ባለታሪክ፣ የዘፈን ደራሲውና ተዋናዩ ጆርጅ ኤም. ኮሃን፣ በ1878 በሮድ አይላንድ ፕሮቪደንስ ሲወለድ መዝገቡ ጁላይ 3 ይላል፤ እሱ ግን ዕድሜ ልኩን «የተወለድኩት በነፃነት ቀን ነው» ይል ነበር። ጁላይ 3 የሥራ ቀን ሆኖ ከተገኘ በልደቱ ቀን ማሳየትም ያምራል።

ፊልሙ 126 ደቂቃ ነው። እኔ የምከተለው አቆጣጠር በአሜሪካ ሰዓት ይህን ይመስላል፦ 1፡30 መክፈቻ ንግግር፣ 1፡40 ፊልሙ ይጀምራል፣ መሐል ላይ 12 ደቂቃ ያህል ዕረፍት፣ 4፡00 ገደማ ያበቃል፣ እስከ 4፡30 ውይይት። 5፡00 ላይ ለሚዘጋ ቤት ወንበር ለመሰብሰብ ግማሽ ሰዓት ይተርፋል።

ሰዓቱን በአማርኛ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ፍላየሩ ላይ በእኛ አቆጣጠር «8 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ፤ ከቀኑ ስምንት ማለቴ ነበር። ወላጆቻቸውን በመኪና የሚያመጡት ልጆች ግን እዚሁ ያደጉ ናቸው፤ ስምንት ሲሉ የማታው ስምንት ነው። ሁለት እናቶች ማታ መጥተው የተዘጋ በር አገኙ። ከዚያ ወዲህ «ከሰዓት በኋላ 1፡30፣ በአሜሪካ ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከጎኑም የፀሐይ ሥዕል አደርጋለሁ።

3. ፊልሙን ቀድማችሁ፣ ሁለት ጊዜ እዩት

አንድ ጊዜ ለራሳችሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፦ ያረጀው ኮሃን ወደ ዋይት ሐውስ ተጠርቶ ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሕይወቱን ታሪክ ይተርካል። ፕሬዚዳንቱ የሚታዩት ከጀርባ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ልጅነቱ እንመለሳለን፤ አባት፣ እናት፣ እህትና እሱ «አራቱ ኮሃኖች» ተብለው ከከተማ ከተማ እየዞሩ የሚሠሩበት ዘመን። ይህ ወደ ኋላ የሚሄድ አተራረክ አስቀድሞ ካልተነገረ ብዙ ሰው «ሽማግሌው የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛ ጊዜ ስታዩ ትኩረታችሁን የሚሻ አንድ ትዕይንት አለ። ቤተሰቡ ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው ጥቁሮችን እያስመሰሉ የሚጫወቱበት አጭር ክፍል ነው። ይህ በዘመኑ የአሜሪካ መድረክ የተለመደ፣ ጥቁሮችን የሚያዋርድ አጨዋወት ነበር። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት የእኛ ልጆች ጥቁሮች ናቸው፤ እናቶቻቸውም እንዲሁ። ሳይነገራቸው ድንገት ሲያዩት ልጁ እናቱን፣ እናቲቱም እናንተን ይመለከታሉ፤ ያ ዝምታ ከባድ ነው። ቆርጣችሁ አትዝለሉት፤ ፈቃዱ ፊልሙን እንደተሠራ ለማሳየት ነው፣ የነበረውንም እንዳልነበረ ማድረግ አይገባም። ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ተናገሩ፦ «እንዲህ ያለ ትዕይንት አለበት፤ ያኔም ስድብ ነበር፣ ዛሬም ስድብ ነው፤ በኋላ እንነጋገርበታለን።» ትዕይንቱ በስንተኛው ደቂቃ እንደሚመጣ ጽፋችሁ ያዙ፤ ልጇን ይዛ መውጣት የምትፈልግ እናት ካለች በጊዜው ምልክት ስጧት።

ፊልሙ ታሪክን እንደሚቀይርም እወቁ። በፊልሙ ውስጥ ሜሪ የምትባል አንዲት ሚስት አለችው፤ እውነተኛው ኮሃን ሁለት ጊዜ አግብቷል። በፊልሙ ከፕሬዚዳንቱ የሚቀበለው ለጀግና ወታደር የሚሰጠው ትልቁ ኒሻን ሆኖ ይጠራል፤ በእውነት የተሰጠው ግን ኮንግረስ በ1936 የፈቀደለትና በ1940 ከሩዝቬልት እጅ የተቀበለው የወርቅ ሜዳልያ ነው። ከታዳሚዎቹ መካከል ታሪክ የሚያውቁ አባት አይጠፉም፤ ሲጠይቋችሁ መልሱን ይዛችሁ ተገኙ።

4. የአማርኛው አንድ ገጽ

ከሁሉ በላይ ጠቅሞ ያየሁት ይህን ነው። የአማርኛ ሰብታይትል ራሳችሁ ተርጉማችሁ ፊልሙ ላይ ለመለጠፍ አትሞክሩ፤ መተርጎምም የባለመብቱ ፈንታ ነው። የእንግሊዝኛውን ሰብታይትል አብሩት፤ ጆሮ ያልያዘውን ዓይን ይይዘዋልና፣ እንግሊዝኛ የሚማር ሰውም በጣም ይጠቀምበታል። ከዚያ በራሳችሁ ቃል የተጻፈ አንድ ገጽ አዘጋጁ፤ ፊደሉ ትልቅ፣ ቢያንስ 16 ነጥብ ይሁን። የእኔው እንዲህ ይጀምራል፦

«ይህ ሰው ጆርጅ ይባላል። አባቱም እናቱም የመድረክ ሰዎች ናቸው። በልጅነቱ ጎበዝ ነው፣ ግን ጥጋበኛ ነው፤ በጥጋቡም ቤተሰቡን ሥራ ያሳጣል። አድጎ ዘፈን ይጽፋል። ማንም አይገዛውም። ከዚያ አንድ ቀን...»

መጨረሻውን አልጽፍም፤ ታሪኩን ግማሽ መንገድ አድርሼ እተወዋለሁ። ከስሩ የሰዎቹን ስም ከነዝምድናቸው እዘረዝራለሁ፤ አባት፣ እናት፣ እህት፣ ሚስት፣ የሥራ ሸሪክ። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ቃል አስረዳለሁ። «ቮድቪል» ማለት በአንድ መድረክ ዘፋኙ፣ ጨፋሪው፣ ቀልደኛውና ባለ ምትሐቱ በየተራ የሚወጡበት ትርዒት ነው። «ብሮድዌይ» የኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር ነው። «ያንኪ ዱድል» ደግሞ የእንግሊዝ ወታደሮች በአሜሪካ ሰፋሪዎች ላይ ያላገጡበት ነበር የሚባል ዘፈን ነው፤ አሜሪካኖቹ ስድቡን ተቀብለው መኩሪያቸው አደረጉት። ይህን ሳነብላቸው አዛውንቶቹ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ።

ዘፈኖቹን ስታስረዱ በእኛ የሚታወቀውን ተጠቀሙ። «ኦቨር ዜር» የተባለው ኮሃን በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ የጻፈው ነው፤ መልእክቱ «እየመጣን ነው፣ ነገሩ ሳያልቅ አንመለስም» ነው። ይህን «ዘፈን» ብሎ ከመተው «የእነሱ ቀረርቶ ነው» ማለት በአንድ ቃል ያስረዳል። ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ ሕዝቡን በዜማና በንግግር እንዳነሣሣ የሚያስታውሱ ወይም ከወላጆቻቸው የሰሙ ሰዎች አሉ፤ የዜማ ኃይል ለእነሱ ማብራሪያ አይሻም።

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሆናችሁ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ፤ አማርኛም መንግሥታዊ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለማተሚያና ለአስተርጓሚ እርዳታ ለመጠየቅ አትፈሩ።

5. ክፍሉ፣ ምስሉ፣ ድምፁ

ከአንድ ቀን በፊት ዕቃውን ሁሉ አብርታችሁ ሞክሩ። በዕለቱ ጠዋት መሞከር ዘግይቷል።

በመጀመሪያ የምስሉን ቅርጽ ተመልከቱ። ፊልሙ የተሠራው ለአራት ማዕዘን ለሚቀርብ ሸራ ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይበልጣል። የዛሬ ፕሮጀክተሮችና ቴሌቪዥኖች ግን ሰፊ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ምስሉን ወደ ጎን ይለጥጡታል። ያኔ ኮሃንን ሆኖ የሚጫወተው ቀጭኑ ጄምስ ካግኒ አጭርና ወፍራም ይሆናል፣ ጭፈራውም ቅጥ ያጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ክብ ነገር ፈልጉ፣ ሰዓት ወይም የከበሮ ፊት። ሞላላ ከሆነ ሪሞቱ ላይ «አስፔክት» የሚለውን ተጭናችሁ 4፡3 የሚለውን ምረጡ። በግራና በቀኝ ጥቁር ሰሌዳ ሲቀር ትክክል ነው፤ «ስክሪኑ ለምን አልሞላም?» የሚል ሰው ቢመጣም እንዳትለውጡት። ፊልሙ ቀለም የተቀባ ሥሪትም ስላለው ዲስኩን ስትይዙ ጥቁርና ነጩ መሆኑን አረጋግጡ።

የጁላይ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ምዕራብ በሚያይ መስኮት ይገባል። መጋረጃው ካልበቃ ጥቁር ወረቀት ለጥፉ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ብርሃን ሲያገኘው ግራጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ድምፁ የአንድ ቻናል ነው፣ ካግኒም ፈጥኖ ይናገራል። ጣሪያ ላይ ያሉት ስፒከሮች ቃሉን ይበትኑታል፤ አንድ ደህና ስፒከር ከስክሪኑ ሥር ወይም ጎን፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ አድርጉ። ከኋላው ረድፍ ተቀምጣችሁ ስሙት። ለመስማት ለሚቸገሩ ሰዎች የሚሰጥ ማዳመጫ ቤተ መጻሕፍቱ እንዳለው ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ባትሪው ሞቶ ይገኛል።

ወንበሮቹን ስትደረድሩ የመጀመሪያው ረድፍ ከስክሪኑ ወርድ አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ለዊልቸር ዳር ላይ ብቻ ሳይሆን መሐልም ቦታ ተዉ። ግድግዳው ላይ ከተጻፈው የሰው ብዛት አትለፉ።

ዲስኩን ደግሞ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን እየዘለላችሁ አጫውቱ። የቤተ መጻሕፍት ዲስክ በብዙ እጅ ያልፋል። በአንድ ዝግጅት ላይ ልጁ በሚሞተው አባቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ፣ አዳራሹ ሁሉ ዓይኑን እየጠረገ ሳለ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሌላ ዲስክ አልነበረም። ሰው ለአሥር ደቂቃ ጠብቆ አንድ በአንድ ተነሣ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ከሌላ ቅርንጫፍ ሁለተኛ ቅጂ አስቀድሜ አስመጣለሁ። የፕሮጀክተሩንና የኮምፒውተሩን የመተኛ ሰዓትም አጥፉ።

6. የሚቀመሰው

ሰኔና ሐምሌ የሐዋርያት ጾም ነው፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ማለትም ጁላይ 12 ስለሆነ ከነፃነት በዓል በፊት የሚደረግ ዝግጅት ሁልጊዜ ጾም ላይ ይወድቃል። ፈንድሻው ቅቤ አይንካው። ከሱቅ የሚመጣው ብስኩት ወተትና እንቁላል አለበት፤ ለሚጾሙት ቆሎና ፍራፍሬ አቅርቡ። ለዚህም ነው ዕረፍቱን 2፡40 ከማድረግ ይልቅ ፊልሙ ለትዕይንት ለውጥ በሚመችበት ቦታ ወደ 3፡00 ገደማ የምገፋው፤ ዝግጅቱ በሥራ ቀን ሲውል በእኛ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች ያኔ ቡና ሊቀምሱ ይችላሉ። ጀበናና ከሰል በሕንፃው ውስጥ አይፈቀድም፤ ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ።

7. የመክፈቻው አሥር ደቂቃ

ሁለት ቋንቋ ተጠቀሙ፤ አማርኛውን አታሳጥሩት። እኔ የምነግራቸው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚያዩት ተዋናይ ካግኒ በወሮበላ ፊልሞች የታወቀ ነበር፤ ጅማሬው ግን ዘፋኝና ጨፋሪ ሆኖ ነው፣ በዚህም ፊልም ኦስካር አገኘ። ሁለተኛ፣ ፊልሙ እየተሠራ በነበረበት ሰሞን ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች፤ በ1942 በኒው ዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ መግቢያው የሚገኘው የጦርነት ቦንድ በመግዛት ነበር። ኮሃን ራሱ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አረፈ። ሦስተኛ፣ ስለዚያ ስድብ ትዕይንት። ሌላውን ለውይይቱ አቆዩት።

ካግኒ በመጨረሻ የዋይት ሐውስን ደረጃ እየጨፈረ ሲወርድ መብራት አታብሩ። ብዙ ሠራተኛ ፊልሙ ያለቀ መስሎት እዚያ ላይ ይቸኩላል።

8. ውይይቱ

ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት የመጀመሪያው ሥራ ነው። «ምን ተሰማችሁ?» ካላችሁ መልስ አታገኙም። ዓይን ያየውን ጠይቁ፦ በዚያ ዘመን የነበረው ባንዲራ ስንት ኮከብ ነበረው? በ1942 አርባ ስምንት ነበር፤ አላስካና ሃዋይ የገቡት በ1959 ነው። ለዜግነት ፈተና «ለምን 50 ኮከብ?» የሚለውን በቃል ያጠና ሰው እዚህ ላይ ዓይኑ ይበራል። ከዚያ ስለ ሩዝቬልት፣ ስለ ጦርነቶቹ፣ ስለ ነፃነት ቀን መጠየቅ ይቀላል፤ ሁሉም በፈተናው ዙሪያ የሚያንዣብቡ ናቸው።

ቀጥሎ ይህን ንገሯቸው፦ ይህን እጅግ አሜሪካዊ የሆነ ፊልም ያዘጋጀው ማይክል ከርቲዝ ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ የመጣው በ1926 ነው። የኮሃንም ቤተሰብ ዘሩ ከአየርላንድ ነው። ከዚያ ዝም በሉ። አንድ ጊዜ በዚህ ዝምታ ውስጥ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ተነሥተው፣ ኮሃን በትርዒቱ መጨረሻ በእናቱ፣ በአባቱ፣ በእህቱና በራሱ ስም ተመልካቹን የሚያመሰግንበትን ነገር አነሡና «የቤተሰቡን ስም ሳይጠራ የማይቀመጥ ልጅ ነው፣ ያሳደጉት ሰዎች ነበሩ» አሉ። ከእሳቸው በኋላ አምስት ሰው ተናገረ።

የዛሬው ፖለቲካ ቢነሣ፣ ይነሣልም፣ «እሱን ቡና ላይ እንጨርሰዋለን» ብላችሁ ወደ ፊልሙ መልሱት። ስለ ጥቁር ቀለሙ ትዕይንት ልጆቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ዕድል ስጡ፤ በትምህርት ቤት ከእኛ የተሻለ ተምረውታል፤ ወላጆቻቸውም ልጆቻቸው ሲያስረዱ ማየት ደስ ይላቸዋል።

9. ከወጡ በኋላ

የመጣውን ሰው ቁጥር፣ ቀኑንና የፊልሙን ስም ለፈቃዱ መዝገብ ጻፉ። የተረፉትን የአማርኛ ወረቀቶች በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ተዉአቸው፤ ያልመጡት ጎረቤቶች ይወስዷቸዋል። ሰብታይትሉን አጥፉ፣ የአስፔክቱን ቁልፍ ወደ ነበረበት መልሱ። ሁለቱንም ዲስኮች ወደየሽፋናቸው አስገቡ፤ የተዋሰው ቅጂ ሰኞ ጠዋት ወደ መጣበት ቅርንጫፍ ይመለስ።